ምልክቱ ውሸት ነው

ጋሽ በርናባስ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ የኮታቸውን ሁለቱንም ቁልፍ ቆለፉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከዚያም የሐሙሱ የቤት ኅብረት ከአሥር ሰዓት ወደ አሥር ሰዓት ተኩል መዛወሩን አስታወቁ።

አሜን አልን። በኛ ኅብረት ለማንኛውም ማስታወቂያ አሜን ይባላል። አንድ ጊዜ የጓሮው መጸዳጃ ቤት ሞልቷል ሲባልም አሜን ብለናል። ልማድ ነው፤ ክፋት የለውም።

ሰዓቱ የተዛወረው ለነቢይ ኢዮስያስ ሲባል ነበር። ነቢዩ ሐሙስ ሐሙስ ከኛ በፊት ሌላ ሰፈር ስለሚያገለግሉ አይደርሱልንም። ዕድሜያቸው ሠላሳ አንድ ነው። ጋሽ በርናባስ ስልሳ ስድስት ናቸው። ጋሽ በርናባስ ነቢዩን አንቱ ይሏቸዋል፤ ነቢዩ ደግሞ ጋሽ በርናባስን «አባቴ» እያሉ፣ አንተ ይሏቸዋል።

ጋሽ በርናባስ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ኅብረቱን መሃል ከተማ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ከጀመሩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር የስድስት ሳምንት ኮርስ ይሰጣሉ፤ ርእሱ «የሐሰት ትምህርትን እንዴት እንለያለን» ነው። የሚያስተምሩበት ደብተር ሽፋን ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው የሳለው፣ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ አለ። ልጁ በሥዕል ብዙም አልተሳካለትም፤ ተኩላው ከበግነትም ከተኩላነትም ወጥቶ ያዘነ ፍየል ይመስላል። ውስጡ ያለው ትምህርት ግን ጥሩ ነው። ሐሰተኛ አስተማሪ መጽሐፍ ባለው ላይ ይጨምራል፤ ሰውን ወደ ጌታ ሳይሆን ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ሲጠየቅ መልስ በመስጠት ፈንታ ጠያቂውን ይከስሳል፤ በመጨረሻም ፍሬው ሰው ይጎዳል። ይህን በቃላችን እናውቀዋለን። ተፈትነንበታል። ሁላችንም በላስቲክ የታሸገ ሰርተፊኬት አለን፤ የኔ ሰርተፊኬት ሱቄ ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ተሰቅሏል።

ችግሩ፣ ሥዕሉን አምነን የምንጠብቀው ጥርሱ የሚታይ ነገር ነበር። ነቢይ ኢዮስያስ ሲመጡ ጥርሳቸው በርግጥ ይታይ ነበር፤ ፈገግታቸው ያምራል።

ጋሽ በርናባስን ያገኟቸው አንድ ሠርግ ላይ ነው። ገና ሳይተዋወቁ ትከሻቸውን ይዘው፣ አባቴ፣ ለብዙዎች ጥላ የምትሆን ዛፍ ነህ፣ ግን ውሃ የሚያጠጣህ አጥተሃል አሏቸው። ጋሽ በርናባስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዘጠኝ ሰው አስተምረዋል፤ ከዘጠኙ ሦስቱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ነቢዩ በመጡ በሁለተኛው ወር ሰዉ አርባ ደረሰ። ከዕቃ አከራይ ወንበር አስመጣን፤ ድምፅ ማጉያ በረንዳው ላይ ተተከለ። ጋሽ በርናባስም በዚያ ዓመት ክረምት ኮርሱን አልሰጡም፤ ጊዜ አልነበራቸውም።

የነቢዩ ትምህርት አጭር ነው። ምልክቱ ውሸት ነው፣ ቃሉ እውነት ነው ይላሉ። ራስህን ካመመህ ሕመሙ ምልክት ነው፤ ጠላት የሚነግርህ ውሸት ነው። አሞኛል ካልክ ውሸቱን ፈርመህ ተቀበልክ። ተፈውሻለሁ ካልክ ግን ተፈውሰሃል፤ ሰውነትህ እስኪሰማ ብቻ ነው የምትጠብቀው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከመካከላችን ጉንፋን የያዘው ሰው የለም። አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ዓይኑ እያለቀሰ የሚመጣ አለ፤ እንዴት ነህ ሲሉት በመሐረቡ ውስጥ ሆኖ «ተፈውሻለሁ» ይላል። ደስ የሚል ኅብረት ሆነ። ሳል ብቻ ነበር የሚያስቸግረን።

ካሰች የግዛቸው ሚስት ናት። ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በየወሩ ባጃጅ ይዛ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ እየሄደች መድኃኒቷን ታመጣና ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ ታስቀምጣለች። እንደ ሌላው ሰው ትኖር ነበር ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ ነቢዩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እዚህ መካከል ደሟን ጠላት ያጣፈጠባት እህት አለች አሉ። ካሰች ተነሣች። ስኳር እንዳለባት የማናውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሁላችንም ተገረምን። ነቢዩ እጃቸውን ጫኑባትና ሕመሙ ሞቷል ብለው አወጁ። በሚቀጥለው ሐሙስ የኢንሱሊኑን ብልቃጦችና መርፌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መሰከረች። እልል አልን። ጥቅሉ ጓሮ ተወስዶ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። አሜን ብለን ዘጋነው።

ስለ አሜናችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ሰው መስክሮ አሜን ከተባለለት በኋላ «አሁንስ እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ምስክርነቱን መጠራጠር ይሆናል። ስለዚህ ማንም አልጠየቃትም።

የጠየቀቻት ሙንተሃ ናት። ሙንተሃ ከካሰች ሱቅ አጠገብ ለስላሳና ብስኩት ትሸጣለች፤ ሙስሊም ስለሆነች በአሜናችን አልታሰረችም። ካሰች በቀን አንድ ሃይላንድ ውሃ ትገዛ የነበረችው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት መግዛት ስትጀምር አየች። በሱቁና በጋራው መጸዳጃ መካከል መመላለሷንም አየች። ቀሚሷ እየሰፋት ሲመጣ ካሰች ራሷ በስፌት መኪናዋ ታጠብበዋለች፤ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አጠበበችው። ሙንተሃ ይህን ሁሉ ለእኔ የነገረችኝ ለስላሳ ስትከፍትልኝ ነው።

«የኔም እናት እንዲህ ነበር የጀመራት» አለቻት አንድ ቀን። «ካሱዬ፣ ስኳርሽን ተለክተሻል?»

«ስሙን አትጥሪብኝ» አለቻት ካሰች።

«እሺ፣ ስሙን አልጠራም። ውሃው ግን አራተኛሽ ነው።»

ካሰች ሳቀች። ሳቋ ድሮም ያምራል። ሙንተሃ እነሱ ዱዓም እንደሚያደርጉ፣ መድኃኒትም እንደሚውጡ፣ ሁለቱ ተጣልተው እንደማያውቁ ነገረቻት። ካሰች ላንቺ ገና አልተገለጠም አለቻት፣ በፍቅር። ሙንተሃም አራተኛውን ውሃ ሰጠቻት። ምን ታድርግ፤ ነጋዴ ናት።

ግዛቸው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሠራል። ዝም የሚል ሰው ነው፤ ተማሪዎች ያዘበራረቁትን መጽሐፍ ወደ ቦታው ሲመልስ ይውላል። እሱም ማታ ማታ የሚስቱን ትንፋሽ ይሰማል። ሌሊት አምስት ጊዜ ትነሣለች። እግሯ ላይ የሚስማር ራስ የምታህል ቁስል ወጥታ አልድን ብላለች። ግዛቸው ፈራ፤ የሚፈራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ካለ ትሞትበታለች።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከተጣለ በሦስተኛው ሐሙስ እጁን አነሣ። በኛ ኅብረት እጅ የሚነሣው ለጸሎት ስለሆነ ነቢዩ መጀመሪያ በረከት የፈለገ መሰላቸው። ግዛቸው ቆሞ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ትንሽ ወይን ጠጅ እንዲወስድ መምከሩን አስታወሰ። ሉቃስም ሐኪም እንደነበረ ጨመረ። መፈወስን እንደሚያምን፣ ግን መድኃኒት መጣል የሚለው የት ተጽፎ እንደሆነ ፈልጎ ማጣቱን ተናገረ። ኮርሱ ላይ እንደተማርነው ነው የጠየቀው፤ ቃል በቃል።

ነቢዩ አልተቆጡም። መጥተው እጁን ያዙት፤ ፈገግ አሉ።

«ወንድሜ ግዛቸው፣ ሚስትህን የሚገድላት ስኳር አይደለም» አሉት። «ስኳሩ ሞቷል። የሚገድላት ያንተ ጥያቄ ነው።»

ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበርና መንገድ ድረስ ተሰማ። የጋሽ በርናባስን ፊት አየሁት፤ ወደ ደብተራቸው አዩ። ደብተሩ ዝግ ነው። ከዚያ ነቢዩ ለግዛቸው እንድንጸልይ አዘዙንና ሁላችንም እጃችንን ጫንንበት፤ አርባ ሰው፣ ሰማንያ እጅ፣ አንድ ቀጭን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ላይ። ካሰች ራሷ እያለቀሰች በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ ጸለየችለት፤ ጥርጣሬው እንዲተወው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግዛቸው ስለ መድኃኒት አንድ ቃል አልወጣውም። ብትሞት ገዳዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል።

አንድ ቦታ ብቻ ሄደ፤ ጋሽ በርናባስ ዘንድ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ። እኔ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ልጠግን በረንዳው ላይ ነበርኩ። ማዳመጥ አልፈለግሁም፤ ገመዱ ግን ረጅም ሥራ ነበረው።

«ጋሼ፣ አራት ምልክት አስተምረውናል» አላቸው። «ነቢዩ ስንቱን ያሟላሉ?»

ጋሽ በርናባስ መምህር ናቸውና የማያውቁትን መልስ አይናገሩም፤ የሚያውቁትን መዋሸት ደግሞ አልለመዱም።

«ሦስቱን» አሉ።

«አራተኛውስ?»

«አራተኛው ፍሬ ነው ልጄ። ፍሬ ጊዜ ይፈልጋል። መጠበቅ ነው።»

«ፍሬው ሚስቴ ናት ጋሼ።»

ጋሽ በርናባስ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን አርባ ወንበሮች አዩ። አልፈርድባቸውም። እኔም ከአርባዎቹ አንዱ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከሁለተኛው ረድፍ፣ ጥሩ ቦታ ነው። በመጨረሻ ግዛቸውን፣ አብረን እንጸልይ አሉት። ጸለዩ። ጸሎቱ ጥሩ ነበር፤ ማንም ሰው ምንም እንዲያደርግ አይጠይቅም።

አምስተኛው ሐሙስ ከሐይቁ በኩል የከበደ ደመና ይዞ መጣ። አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ከዓሣ ገበያው ተነሥተው እኛ ሰፈር ያለ ያላለቀ ፎቅ ጫፍ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋሉ። እነሱም እንደኛ ትከሻቸውን ሰብስበው ዝም ብለው ያያሉ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነቢዩ ከባለቤታቸው ከኢየሩስ ጋር በመኪና ደረሱ። ኢየሩስ ሁልጊዜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። አትዘምርም፤ አትመሰክርም፤ ሰው ሲሰናበት ብቻ ቀስ ብላ እጅ ትሰጣለች። ትሑት ናት እንል ነበር።

ነቢዩ በዚያ ቀን አዲስ ሰዎች ስለነበሩ ካሰች ምስክርነቷን እንድትደግም ጠሯት። ግዛቸው ከጎኗ ነበር፤ ስትነሣ ክርኗን ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀ። ወደ ፊት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ማይኩን ስትይዝ ትንፋሿ ቀድሞ ወጣ፤ ጥልቅ፣ ፈጣን፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለምቀመጥ ሽታው ደረሰኝ። ከበሰለ በኋላ ብዙ ቀን የተረሳ ፍራፍሬ ይሸታል። ነቢዩም ሸትቷቸዋል መሰለኝ።

«መዓዛው ይሰማችኋል?» አሉ። «መንፈስ ነው።»

አዎን፣ ይሰማን ነበር።

ካሰች «እኔ ካሰች» አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁላችንም እናውቀው ነበርና በልባችን ቀደምናት። እሷ ግን አልደረሰችበትም። ማይኩ ከእጇ ወደቀ፤ ቀስ ብላ በጎኗ ሲሚንቶው ላይ ተኛች።

ከኛ ውጭ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔ ይጮህ ነበር። እኛ ግን ለምደናል። ነቢዩ በመጡ ቁጥር ሰው ይወድቃል፤ ለዚያ ተብሎ ሰማያዊ ጨርቅ ተገዝቷል፤ ሴት ስትወድቅ አንዷ እህት ፈጥና እግሯን ትሸፍናለች። አሁንም አንዷ እህት ተነሥታ የካሰችን እግር ሸፈነች፤ ጠርዙን አስተካከለች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ነቢዩ ማንም እንዳይነካት፣ ጌታ ቀዶ ጥገና እያደረገላት እንደሆነ ነገሩንና ኪቦርዱ እንዲጀምር ምልክት ሰጡ።

ዘመርን። አንድ መዝሙር፣ ሁለት መዝሙር። በመዝሙሮቹ መካከል ትንፋሿ ይሰማል፤ ስለዚህ ኪቦርዱ የሚመታው ወንድም በመካከል ማቆሙን ተወ። ግዛቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ቢነሣ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ይገድላታል። ቁጭ ቢልስ? ፊቱን ማየት ስላቃተኝ ጨርቁን አየሁ። ሰማያዊው ጨርቅ መጀመሪያ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በአራተኛው መዝሙር ላይ ዝግ አለ።

ያኔ የወንበር እግር ሲፋቅ ከኋላ ተሰማ። ኢየሩስ ናት። ቦርሳዋን ይዛ በወንበሮቹ መካከል አለፈች፤ ካሰች አጠገብ ተንበረከከች፤ ጉንጯን መታ መታ አደረገች፤ ስሟን ጠራች። ቦርሳዋን ከፍታ በዚፕ የሚዘጋ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ አወጣች፤ ከሱ ውስጥ የስኳር መለኪያ። ደም የሚነካባትን አንዲት ስትሪፕ ሳታይ ከጠርሙሷ መዝዛ ሰካች። የካሰችን የቀለበት ጣት ጎኑን ወጋች፤ ጫን አለችው፤ የደሙን ጠብታ አስነካች። እጇ አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታም። በየቀኑ የሚደረግ ነገር እንዲያ ነው የሚደረገው።

ኪቦርዱ ቆመ።

ነቢዩ ያ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የማን እንደሆነም አልጠየቁም።

መለኪያው ጮኸ። ቁጥር አልነበረበትም፤ ከቁጥር በላይ ሲሆን የሚያወጣቸው ሁለት ፊደላት ብቻ። ኢየሩስ አየችና ቀና ሳትል፣

«ኢዮስ፣ መኪናውን አስነሣ» አለች።

ነቢዩ አንተ ሲባሉ ሰምተን አናውቅም ነበር። «ምእመናኑ ፊት...» የሚል ነገር ጀመሩ። እሷም ቁልፉ በቀኝ ኪስህ ነው አለችው። ነቢዩ ቀኝ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ቁልፉ እዚያ ነበር፤ ወጡ። ግዛቸው ያኔ ብቻ ተነሣ። ሚስቱን ከነሰማያዊ ጨርቋ አቅፎ ሲያነሣት ቀለለችው፤ ያን ያህል ትቀላለች ብሎ አላሰበም መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ኢየሩስ በሩን ከፈተችለት። መኪናው ጥሩንባውን እያሰማ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እስከ ማዞሪያው ድረስ ሰማነው።

እኛ ቀረን። ዝናቡ ጀመረ። ኅብረቱን ማን ይዝጋልን? ማስታወቂያ የሚናገር አልነበረም። ከሆስፒታል ይደወላል ብለን ስልካችንን በእጃችን ይዘን ተቀመጥን፤ ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልደወለም። የፊተኛው ወንበር ላይ መለኪያው ከነጥቁር ቦርሳው ተከፍቶ ቀርቷል፤ ኢየሩስ በጥድፊያው ረስታዋለች። ሁላችንም ሌላ ሌላ ቦታ እናያለን፤ ግን መለኪያው የት እንዳለ እናውቃለን።

ጋሽ በርናባስ ተነሡ። ወደ ወንበሩ ሄደው መለኪያውን አነሡ፤ ተቀመጡ። የጣት መርፌዋን አውጥተው በአዲስ ቀየሩ። ስትሪፑን በትክክለኛው ጫፉ ሰኩ፤ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ እንደ ለመደ ሰው። የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ወጉ፤ ጠበቁ፤ ቁጥሩን አዩ። ለማንም አላሳዩም። ከወንበሩ ተነሥተው ከጎኑ ቆሙ፤ ቦታውን ለቀቁ።

የካሰችን እግር የሸፈነችው እህት መጥታ ተቀመጠች። ከሷ ኋላ ኪቦርዱን የሚመታው ወንድም ቆመ፤ ከሱ ኋላ እኔ። ዞር ስል በረንዳው ላይ ካለው ሰው ግማሹ ተሰልፏል። ማንም ማንንም አልጋፋም።

ጋሽ በርናባስ የስትሪፑን ጠርሙስ ወደ ብርሃን ይዘው ተመለከቱ። ከዚያ ሰልፉን አዩ።

«አይበቃም» አሉ። «የባሰበት ይቅደም።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ከኋላዋ ያለው ሰው፣ ከዚያ ሁላችንም፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ያለብንን በየተራ መናገር ጀመርን።